ሁለት ጊዜ የተጠረቡ ድንጋዮች፦ ከሐዋሳ ወደ ጌዴኦ የተደረገ ጉዞ ማስታወሻ

ሐዋሳ ላይ ስለ ጥንታዊ ቅርስ ጨዋታ ሲነሳ የሁላችንም ሐሳብ ወደ ሰሜን ይነጉዳል፤ አክሱም፣ ላሊበላና ጎንደር ይጠራሉ፤ ከዚያ ወሬው ወደ ሌላ ይዞራል። ከከተማዋ በስተደቡብ 90 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘው የጌዴኦ ምድር ግን በሺዎች የሚቆጠሩ ትክል ድንጋዮችን ያቀፈ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2023 «የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር» ተብሎ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ሰፍሯል። ድንጋዮቹን ያቆሙት ሰዎች ስለ ራሳቸው ጽፈው የተዉልን አንድም መስመር የለም። አክሱም የነገሥታት የድንጋይ ጽሑፍ አላት፤ ላሊበላም ገድል ተጽፎለታል፤ በጌዴኦ ግን የጥንቶቹ ሰዎች ስለ ሞት፣ ስለ ዘርና ስለ ከብት ምን ያስቡ እንደነበር የሚመሰክረው ድንጋዩና ከሥሩ ያለው መቃብር ብቻ ነው። ይህን በዓይኔ ለማየት የተነሳሁት፣ ሐዋሳ ውስጥ ለብዙ ዘመን ታሪክ ሲያስተምሩ ኖረው አሁን በጡረታ ላይ ካሉ ጎረቤቴ ጋር ነው። የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ጋሼ እያለ ስለሚጠራቸው እኔም በዚህ ማስታወሻ እንዲሁ ብያቸዋለሁ።

ስለ መንገዱ ብዙ የምለው የለኝም። ማለዳ ከመናኸሪያ የተሳፈርንበት ሚኒባስ በአፖስቶና በአለታ ጩኮ አድርጎ፣ በየመንገዱ ዳር አናናስ የደረደሩትን ልጆች እያለፈ ዲላ አደረሰን። ጋሼ መንገዱን ሙሉ ሲነግሩኝ የነበረው አንድ ነገር ነው፦ «ድንጋይ ስታይ መጀመሪያ የተደከመበትን ፈልግ፤ ሰው የማያምንበት ነገር ላይ ጉልበቱን አይጨርስም።» በኋላ እንዳየሁት፣ ጥሩ መመሪያ ነበር።

መጀመሪያ የሄድነው ከዲላ ብዙም ወደማይርቀው ወደ ሻፔ ነው። ወንዝ ቆርጦ ባበጀው ጠባብ ሸለቆ ውስጥ፣ ቀጥ ብሎ በቆመ የአለት ግድግዳ ላይ፣ ላሞች እርስ በርስ ተከታትለው ወደ አንድ አቅጣጫ ሲሄዱ ተቀርጸዋል። በቀለም የተሳሉ ወይም በጫፍ ብቻ የተጫሩ አይደሉም፤ በዙሪያቸው ያለው አለት ተፈልፍሎ ተነሥቶ የላሞቹ ገላ ጎልቶ እንዲወጣ ተደርጓል። አንዲት ላም ለማውጣት ከላሟ የሚሰፋ አለት መፈልፈል ያስፈልጋል ማለት ነው። ገላቸው ከጎን የታየ ነው፤ ቀንዳቸው ግን ሰው ከላይ ሆኖ ቁልቁል እንደሚያየው ወደ ግራና ወደ ቀኝ ተዘርግቶ ይታያል። ቀራጩ ዓይኑ ያየውን ብቻ መቅረጽ ቢፈልግ ኖሮ አንዱ ቀንድ ሌላውን በሸፈነው ነበር፤ እሱ ግን ላም ምን ምን እንዳላት ስለሚያውቅ፣ ከሚያውቀው አንዱም እንዳይጎድል አድርጎ ቀርጿል።

ጠጋ ብዬ አንዷን ላም ለረጅም ጊዜ አየኋት። እግሮቿ ከሲታና ለይስሙላ የተሠሩ ናቸው፤ ጭንቅላቷም ትንሽ ነው። ጡቷ ግን ከልኩ አልፎ ተጋኗል። ቀራጩ ጉልበቱን ያፈሰሰው ቀንዱና ጡቱ ላይ ነው። የሚታረድ ሰንጋ ወይም የሚጠመድ በሬ እያሰበ እንዳልነበር ከዚህ ይታወቃል፤ ሐሳቡ ወተትና መውለድ ላይ ነው። ሌላም የሚደንቅ ነገር አለ፤ ከላሞቹ አንዷም ሻኛ የላትም። ዛሬ ከሐዋሳ እስከ ዲላ በየመንገዱ የምናያቸው ከብቶች በብዛት ሻኛ ያላቸው ናቸው፤ የዚህ ዓይነቱ ዝርያ መነሻው እስያ ሲሆን አፍሪካ ውስጥ የተስፋፋው ዘግይቶ ነው። የሻፔ ሰዎች ያረቧቸው የነበሩት ረጅም ቀንድ ያላቸውን፣ ሻኛ የሌላቸውን የቀድሞዎቹን የአፍሪካ ከብቶች ነበር። በአንድ የጥበብ ሥራ ላይ የሚጎድለው ነገር ካለው እኩል እንደሚናገር ያስተዋልኩት እዚህ ላይ ነው።

ቀጥለን ጨልባ ቱቲቲ ወደተባለው የትክል ድንጋይ ስፍራ ስንደርስ ሌላ ዓለም ጠበቀን። ቦታው በአጥር ተለይቶ የተዘጋ ሙዚየም አይመስልም፤ ከድንጋዮቹ አጠገብ እንሰትና ቡና ይበቅላል፤ ጥላ የሚሰጡ ትልልቅ ዛፎችም አሉ። ድንጋዮቹ ረጃጅም፣ ድቡልቡልና ለስላሳ ናቸው፤ ከረጅሞቹ መካከል 7 ሜትርና ከዚያም በላይ የሚደርሱ ይገኛሉ። አብዛኞቹ ወድቀዋል፤ አንዳንዶቹም ተሰብረዋል። ጫፋቸው ላይ ዙሪያውን በተቆረጠ ቀለበትና ከእሱ በላይ በተሞረደ ክብ አናት የወንድ ብልት ቅርጽ ይዘዋል። ይህን በጨዋ አማርኛ እንዴት አድርጌ እንደምጽፈው ሳወጣ ሳወርድ ያዩኝ ጋሼ ስቀው፣ «የጠረቡት ሰዎች አላፈሩበትም፤ አንተ ለምን ታፍርበታለህ?» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። ዛሬ እንደ ነውር የምናየው ቅርጽ ለእነዚያ ሰዎች የዘር መቀጠል፣ የአባትነትና የሥልጣን ምልክት ሳይሆን አልቀረም። ለዚህ ግምት ድጋፍ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በኮንሶና በቦረና የሥርዓት መሪዎች ግንባራቸው ላይ የሚያደርጉት ከላጫ ተመሳሳይ ቅርጽ ያለው ጌጥ ሲሆን፣ በአደባባይ የሚታይ የክብር ምልክት ነው። በእርግጥ የዛሬውን ወስዶ በቀጥታ ለጥንቱ መስጠት አደገኛ ነው፤ በሺህ ዓመት ውስጥ አንድ ቅርጽ ሳይለወጥ ትርጉሙ ሊለወጥ ይችላል። ይህን የሚያረጋግጥ ማስረጃ ያገኘሁትም ቀጥለን በሄድንበት ቦታ ነው።

ቱቱ ፈላ በወናጎ በኩል ሽቅብ ተወጥቶ የሚደረስበት ደጋ ላይ ነው። ድንጋይ ተከምሮ የተሠራ ሰፊ ጉብታ ላይ 300 ገደማ ትክል ድንጋዮች ተጠጋግተው ቆመዋል። ከጨልባ ቱቲቲዎቹ ያነሱ ናቸው፤ ብዙዎቹ ከሰው ቁመት አይበልጡም፤ ደግሞም ሰው ሆነዋል። ዓይን፣ አፍንጫ፣ በደረት ላይ የታጠፉ ክንዶች፣ ጎድን የሚመስሉ የተደረደሩ መስመሮች ይታዩባቸዋል። ከመካከላቸው ሳልጠግበው የቀረሁት አንድ ድንጋይ አለ። ቁመቱ እስከ ደረቴ ነው፤ ፊቱ በጥቂት ምት የተሠራ ይመስላል፤ አፍ የለውም። ከግንባሩ በላይ እጄን ሳሳልፍ ግን ጣቴ አንድ ጎድጓዳ መስመር ላይ አረፈ፤ መስመሩ ወደ ማጅራቱ ዞሮ ይሄዳል። ጨልባ ቱቲቲ ላይ ያየሁት ቀለበት ነው። ድንጋዩ መጀመሪያ እንደነዚያ ተጠርቦ ነበር፤ ኋላ የመጣ እጅ በዚያው ድንጋይ ላይ ዓይንና አፍንጫ አወጣለት፤ የቀድሞው ክብ አናትም የሰውየው ራስ ሆነ።

ይህ የእኔ ግምት ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በቱቱ ፈላ ቁፋሮ ያካሄደው ፈረንሳዊው የቅርስ ተመራማሪ ሮዤ ዡሶም ከጉብታው ሥር ያገኘው፣ አንዱ ከሌላው በላይ የተደረቡ ሁለት የመቃብር ስፍራዎችን ነው። የታችኛው የወንድ ብልት ቅርጽ ካላቸው ድንጋዮች ጋር የተያያዘ ሲሆን፣ የላይኛው የሰው መልክ ካላቸው ጋር ይሄዳል፤ ከእነዚህም ብዙዎቹ ቀድሞ የነበሩት እንደገና ተጠርበው የተሠሩ ናቸው። እኔ በጌዴኦ ካየሁት ሁሉ ስለ እምነት የበለጠ የሚናገረው ይህ ይመስለኛል። የመጀመሪያው ድንጋይ ፊት የለውም፤ የሚያከብረው ማንነት የቡድን፣ የዘር፣ የወንድነት ነው፤ ከሥሩ የተቀበረው ሰው ማን እንደሆነ አይገደውም። ሁለተኛው ጠራቢ ግን ዓይን ሰጠው፤ ክንድ ሰጠው፤ አንዳንዱንም በጌጥ አስዋበው። ሟቹ ከወገኑ ተለይቶ እንዲታይ የሚፈልግ ሰው ሥራ ነው።

ጉብታው አጠገብ የቡና ማሳቸውን የሚያርሙ አንድ አዛውንት ሰላምታችንን ተቀብለው መጡ። ጋሼ በአክብሮት «አባት፣ እነዚህን ማን አቆማቸው ይላሉ የእናንተ ሰዎች?» ብለው ጠየቋቸው። አዛውንቱ ወደ ድንጋዮቹ ዞር ብለው፣ «እኛ ስንወለድ ቆመው ነው ያገኘናቸው፤ አባቶቻችንም ቆመው ነው ያገኟቸው» ካሉ በኋላ፣ ከመካከላቸው አንዱን እንኳ ለቤት መሠረት ብሎ የሚያነሳ ሰው በጎ እንደማይገጥመው አከሉ። የማን እንደሆነ የማይታወቅ ነገር በክብር ሲጠበቅ ማየት ለእኔ ብጤው ደስ ያሰኛል። የጌዴኦ ሕዝብ ሸንጎውን በሶንጎ፣ የዕድሜ እርከኑን በባሌ ሥርዓት ይዞ የቆየ ነውና፣ ነገርን በክልከላ መጠበቁ አይገርምም።

ሐዋሳ ከተመለስን በኋላ ክርክሩ በሐይቁ ዳር ቀጠለ። ጋሼ የሚሉት ሌላ ሕዝብ መጥቶ አካባቢውን ያዘ፣ የቀድሞዎቹን መቃብር ወረሰ፣ በድንጋዮቻቸውም ላይ የራሱን መልክ ቀረጸ የሚል ነው። እኔ ደግሞ አልተዋጠልኝም። ድል አድራጊ የተሸነፈውን ሐውልት ይሰብራል ወይም ይተወዋል እንጂ፣ ሬሳውን አምጥቶ ከጠላቱ ሬሳ በላይ አይቀብርም። ቦታው የአባቶቼ ነው ብሎ የሚያምን ሰው ነው እዚያው መቀበር የሚፈልገው።

ጋሼ መልስ ሳይሰጡ በሐይቁ ማዶ ወደሚታየው ወደ ጨቢ ተራራ ጠቆሙኝ። የኮርቤቲ እሳተ ገሞራ አካል የሆነው ይህ ተራራ ኦብሲዲያን የሚባለው ጥቁር የመስታወት ድንጋይ የሞላበት ነው፤ የጥንት ሰዎች ስለቱን ለምላጭና ለመፋቂያ ይጠቀሙበት ነበር። ታዲያ እ.ኤ.አ. በ2021 ይፋ የሆነ ጥናት በጌዴኦ ሳካሮ ሶዶ በተባለ የትክል ድንጋይ ስፍራ የተገኙ የኦብሲዲያን ስብርባሪዎችን ሲመረምር፣ ድንጋዩ የመጣው 300 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ከሚገኘው ከሰሜን ኬንያ መሆኑን አረጋገጠ። የዋሽንግተን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ያካሄዱት ይኸው ጥናት የስፍራውን ዕድሜ ወደ 1ኛው ክፍለ ዘመን ዓ.ም. አካባቢ ወስዶታል፤ ይህም ቀድሞ ይታሰብ ከነበረው በሺህ ዓመት ያህል ይቀድማል። «እዚህ ደጃፋቸው እያለ ከዚያ ድረስ ለምን አመጡት?» አሉኝ ጋሼ፤ «የሚያመጣው ሰው ዘመድ ወይም ደንበኛ ስለሆነ ነው። ሰዎቹ ፊታቸውን ወደ ደቡብ ያዞሩ ነበሩ። እንዲህ ሰፊ መንገድ ባለበት አገር እንግዳ ሕዝብ መምጣቱ ምን ይገርምሃል?»

ጠንካራ ነጥብ ነው፤ ሆኖም ስለ ጥያቄዬ የሚናገረው ግማሹን ብቻ ነው። ዕቃ ሲመጣ ሰው ሁሉ አብሮ ይመጣል ማለት አይደለም። ጢያን አስቡ። በጉራጌ፣ በሶዶ አካባቢ የሚገኘው የጢያ ትክል ድንጋይ ስፍራ ከ1980 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ሲሆን፣ ከ36ቱ ድንጋዮች አብዛኞቹ ቅርጽ አለባቸው፤ ከሁሉም ጎልቶ የሚታየው ሰይፍ ነው። ቱቱ ፈላ ላይ ሰይፍ አላየሁም። ሁለቱም የመቃብር ድንጋይ ናቸው፤ አንዱ ጋ ግን ሟች በመሣሪያው፣ ሌላው ጋ በፊቱና በገላው ይታወሳል። የድንጋይ መትከል ልማድ ከአገር ወደ አገር ሊዛመት ይችላል፤ በድንጋዩ ላይ የሚቀረጸውን ግን እያንዳንዱ ሕዝብ ከራሱ እምነት ነው የሚያወጣው።

ጋሼም ሆኑ እኔ የተስማማንበት አንድ ነገር ቢኖር ክርክሩን የሚፈታው ከድንጋዩ በላይ አጥንቱ መሆኑን ነው። ከሁለቱ የተደራረቡ መቃብሮች የሚገኝ አጥንት የዘር ቅንጣቱ ቢመረመር፣ የላይኞቹ ሙታን የታችኞቹ ልጆች መሆን አለመሆናቸው ይታወቃል። ይህ በአገራችን የማይቻል ነገር አይደለም፤ ከጋሞ ደጋ ሞጣ ዋሻ የተገኘው የ4,500 ዓመት ሰው የዘር መረጃ ሙሉ በሙሉ ተነቦ እ.ኤ.አ. በ2015 ታትሟል። ይህን ስነግራቸው ጋሼ ወዲያው መለሱልኝ፦ «ሞጣ ዋሻ ነው፤ ቀዝቃዛና ደረቅ። ቱቱ ፈላ ላይ ዓመቱን ሙሉ ዝናብ ይጥላል፤ በዚያ አፈር ውስጥ አጥንቱ ራሱ መትረፉን መጀመሪያ ጠይቅ።»