ሁለቱ ሁለት ነጥቦች

ደብረ ማርቆስ፣ ሐምሌ፣ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት

ዛሬ ቀኑን ሙሉ ከአንድ ሁለት ነጥብ ጋር ስታገል ዋልኩ። በስካነር የምናነሣቸውን አሮጌ ሰነዶች ባሕር ዳር ወዳለው ሰርቨር የሚልከውን ፕሮግራም የጻፍኩት እኔ ነኝ። ተጠቃሚው መድረሻውን ሲጽፍ በመጀመሪያ የሰርቨሩን ስም፣ ቀጥሎ ሁለት ነጥብ፣ ከዚያም በሰርቨሩ ውስጥ ያለውን የፎልደርና የፋይል ስም ያስቀምጣል፤ ኤስሲፒም ሆነ አርሲንክ የተባሉት የፋይል መላኪያ ፕሮግራሞች የሚከተሉት ልማድ ይኸው ስለሆነ ሌላ መፈልሰፍ አላስፈለገኝም ነበር።

ባለፈው ሳምንት የተላኩት ሰነዶች ግን አልደረሱም። ፕሮግራሙ ለእያንዳንዳቸው «ተልኳል» ብሎ መዝግቧል፤ የባሕር ዳሯ ባልደረባዬ ደግሞ ደውላ «ወንድሜ፣ እኔ ጋ ምንም የለም» አለችኝ። ኔትወርኩን ስወቅስ አረፈድኩ። ለካስ ላኪው የአማርኛውን ኪቦርድ ሳይቀይር የግዕዙን ሁለት ነጥብ ጽፎ ኖሯል። ለዓይን ሁለቱ መንትያ ናቸው፤ ለእያንዳንዱ ፊደልና ምልክት ቁጥር በሚሰጠው በዩኒኮድ ግን የግዕዙ ቁጥር 4961፣ የላቲኑ 58 ነው። ፕሮግራሜ የሚያውቀውን ነጥብ ስላጣ ስሙን በሙሉ የዚሁ ኮምፒውተር ፋይል አድርጎ ቆጠረው፤ የሌለ ፎልደር ሲያጋጥመው እንዲፈጥር ያዘዝኩትም ራሴ ስለሆንኩ፣ በሰርቨሩ ስም ፎልደር ከፍቶ ሰነዱን ሁሉ እዚሁ አጠገባችን ከመረው።

መጀመሪያ የመጣልኝ መላ የግዕዙን ነጥብ ወደ ላቲኑ የሚቀይር አንድ መስመር ኮድ መጨመር ነበር። ጻፍኩት፤ ሻይ ጠጥቼ ስመለስ ሰረዝኩት። ከሰነዶቻችን ብዙዎቹ በጥንቱ ልማድ ቃልን ከቃል በሁለት ነጥብ የሚለዩ ናቸው፤ ርእሱን እንዳለ ገልብጦ የፋይል ስም የሚያደርግ ሠራተኛም ምንም አላጠፋም። ያን ነጥብ ብቀይርበት ፕሮግራሙ የርእሱን የመጀመሪያ ቃል ሰርቨር ነው ብሎ ሊፈልገው ይነሣል። ስለዚህ መገመቱን ትቼ ፋንክሽኑ፣ ማለትም መላኩን የሚሠራው የኮዱ ክፍል፣ የሰርቨሩን ስምና የፋይሉን ስም ለየብቻ እንዲቀበል አደረግሁ። ይህ የዊንዶውስንም ጣጣ አቃለለልኝ፤ እዚያ «ሲ» የሚለው የዲስክ ፊደል ራሱ ሁለት ነጥብ አስከትሎ ስለሚጻፍ ባለ አንድ ፊደል ሰርቨር ይመስል ነበር።

ከዚያ ወደ ፍተሻው ገባሁ። ሊኑክስ የተባለው የኮምፒውተር ሥርዓት በፋይል ስም ውስጥ የሚከለክለው እዝባርንና ዜሮ ባይትን (ዋጋው ዜሮ የሆነውን የማይታይ ምልክት) ብቻ ሲሆን፣ ርዝመቱ በአብዛኛው ከ255 ባይት ማለፍ የለበትም። የዩኒኮድን ቁጥሮች ወደ ባይት በሚቀይረው በዩቲኤፍ-8 አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ስለሚይዝ ለእኛ የሚደርሰን 85 ፊደል ነው፤ የአቤቱታ ርእስ ይህን ለመሙላት አይቸገርም። ትርፉን መቁረጥም አያዋጣም፤ ክፍት ቦታና የተለመዱት አኃዞች አንዳንድ ባይት ስለሚይዙ መቁረጫው ፊደሉን መሐል ላይ ሊሰነጥቀው ይችላል፤ ሁለት ረጃጅም ርእሶችም ተቆርጠው አንድ ስም ይሆናሉ። የረዘመው ስም ምክንያቱ ተነግሮት ይመለስ ብዬ ወሰንኩ።

ከሰርቨሩ ወደ እኛ የሚመጣውንም ስም እንዲሁ መፈተሽ ጀመርኩ። በ2019 እ.ኤ.አ. ይፋ የሆነው የኤስሲፒ ድክመት ይኸው ነበር፤ ተቀባዩ የጠየቀውንና ሰርቨሩ የላከለትን ስም በሚገባ ስለማያነጻጽር፣ ክፉ ሰርቨር ያልተጠየቀ ፋይል ሊጽፍበት ይችል ነበር።

በጣም ያመነታሁት በሞክሼ ፊደላት ነው። «ዓባይ»ንና «አባይ»ን፣ «ሠ»ንና «ሰ»ን አንድ ላድርግ? አንድን ፊደል በተለያየ መንገድ የጻፉ ቁጥሮችን አንድ የሚያደርገው የዩኒኮድ ማስተካከያ አይነካቸውም፤ ለኮምፒውተሩ የተለያዩ ስሞች ናቸው። ዋሸራ ቅኔ የተማሩት አጎቴ በእራት ሰዓት ይህን ስነግራቸው እንጀራውን አስቀምጠው «ሰአለ ለመነ ነው፣ ሠዐለ ሥዕል ሣለ ነው፤ አንተ ማን ሆነህ ነው አንድ የምታደርጋቸው?» አሉኝ። በፍለጋ ጊዜ እንዲቀራረቡ፣ በፋይል ስም ግን እንደተጻፉ እንዲቀመጡ አድርጌ ጨረስኩ። አጎቴ በፍለጋውም አልተስማሙም።

ሰነዶቹን ማምሻውን እንደገና ላክኋቸው። በስህተት የተከፈተውን ፎልደር አልሰረዝኩትም፤ ነገ ባልደረባዬ አንድ በአንድ ቆጥራ እስክትደውልልኝ ድረስ ከነግዕዙ ሁለት ነጥብ ይቆያል።