ሽሬን ሮም ላይ አገኘሁት

ሮም የሄደ አበሻ ፒያሳ ቬኔዝያ ላይ ያለውን ነጩን ግዙፍ ሐውልት፣ ቪቶሪያኖን፣ ሳያይ አይመለስም። ብዙው ሰው ግን ከፊቱ ፎቶ ተነስቶ ይሄዳል። እኔ ወደ ውስጥ ግቡ ነው የምለው። የጦር ሠራዊቱ ሰንደቅ ዓላማዎች በሚቀመጡበት ክፍል፣ ከባሕር ወለል የወጣ የሰርጓጅ መርከብ ቁራጭ ቆሟል። የመርከቡ ስም «ሽሬ» ነው። የእኛው ሽሬ፣ ራስ እምሩ በ1936 እ.ኤ.አ. የተዋጉበት! ደንዝዤ ነው የቀረሁት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጣሊያን አገራችንን በወረረበት ሰሞን ባሕር ኃይሏ «ዓድዋ» የተባለ የሰርጓጅ ዓይነት ማሠራት ጀመረ። 17 ነበሩ። አክሱም፣ ጎንደር፣ ደሴ፣ ተንቤን፣ ነጌሌ እየተባሉ ወጡ፤ ጥቂቶቹ የሶማሊያና የኤርትራ ቦታ ስም ነው ያላቸው። እኔን የሚያናድደኝ ዓድዋ፣ መቀሌና አምባላጌ ናቸው። በ1895 እና 96 የተሸነፉባቸው ቦታዎች እኮ ናቸው! አሸንጌም አለበት፤ ከማይጨው የሚመለሰው ሠራዊታችን በአውሮፕላን የተጨፈጨፈበት ሐይቅ።

መርከቦቹ ትንንሽ ናቸው፣ ርዝመታቸው 60 ሜትር ገደማ። ከፊት 4፣ ከኋላ 2 የቶርፒዶ (ውሃ ውስጥ እየተጓዘ መርከብ የሚመታ ፈንጂ) ማስወንጨፊያ ነበራቸው። ክፉ ጉዳቸው የአየር ማቀዝቀዣው ነበር። ሜቲል ክሎራይድ የሚባል መርዛማ ጋዝ ነው የሚጠቀመው፣ ካፈተለከ ደግሞ በዚያ ዝግ ብረት ውስጥ መሸሻ የለም። ከምጽዋ የወጣው «መቀሌ» በሰኔ 1940 ቀይ ባሕር ላይ ሠራተኞቹ በዚሁ ጋዝ ተመርዘው አቅላቸውን ስተው፣ ሱዳን አቅራቢያ ከኮራል አለት ጋር ተላትሞ ቀረ።

«ሽሬ»ን መድፉን አንስተው 3 ውሃ የማያስገቡ ሲሊንደሮች ገጠሙበት። በየሲሊንደሩ ሁለት ሰው እንደ ፈረስ የሚጋልበው ቀርፋፋ ቶርፒዶ ይገባል። አንዱ እዚያው ቤተ መዘክር ውስጥ አለ፣ ጠጋ ብላችሁ እዩት። በዚያ ላይ ተቀምጦ በታኅሣሥ ቅዝቃዜ፣ በጨለማ፣ ጠላት ወደብ ውስጥ መግባት! በ1941 እስክንድርያ ላይ ሁለት ትልልቅ የእንግሊዝ የጦር መርከቦችን፣ «ክዊን ኤልዛቤት»ንና «ቫሊያንት»ን፣ ያሽመደመዱት በዚህ ነው። «ሽሬ» ራሱ ነሐሴ 10 ቀን 1942 ሃይፋ አጠገብ ከነሰዎቹ ሰመጠ፤ አንድም የተረፈ የለም። ቁራጩን ያወጡት በ1984 ነው። ለሞቱት ልጆች አዝኛለሁ፣ ከልቤ። ግን የተወረረ አገር ስም ለጥፎ የላካቸውን መንግሥት ይቅር ማለት አልቻልኩም። እዚያ ክፍል ውስጥ ስሙ ከየት እንደመጣ በትልቁ ተጽፎ ማየት እፈልጋለሁ።

«አክሱም» በዚያው ነሐሴ ለማልታ ደሴት ስንቅ ከያዙትና ከሚያጅቧቸው መርከቦች ሦስቱን በአንድ ጊዜ የቶርፒዶ ተኩስ መትቶ «ካይሮ» የተባለውን ክሩዘር፣ ማለትም ፈጣን የጦር መርከብ፣ ከጥቅም ውጭ አድርጎታል። ጦርነቱ ሲያልቅ ከ17ቱ የተረፈው «አምባላጌ» ብቻ ነበር።

«ዓድዋ»ም «አምባላጌ»ም የተሠሩት ትሪየስቴ አጠገብ ሞንፋልኮኔ በምትባል ከተማ ነው። የመርከብ ግንባታ ሙዚየም አላት። በቀጣይ ባቡር ይዤ ወደዚያ ነኝ፤ የሄዳችሁበት ካላችሁ ስለ መንገዱ ንገሩኝ።