ናፍጣ መኪና ላይ ቤንዚን ያስቀዳሁ ዕለት

ጥፋቱ የእኔ ነው። የማደያው ልጅ «ምን ልቅዳ?» ሲለኝ ስልኬን እያየሁ «ቤንዚን፣ 20 ሊትር» አልኩት። 6 ዓመት በቤንዚን የምትሄድ ቪትዝ የነዳ ሰው አፉ ላይ ሌላ አይመጣለትም። ያን ቀን የያዝኩት ግን የአጎቴን አሮጌ ፒካፕ ነበር። ናፍጣ ነው። ከኋላው ደግሞ ሱሉልታ ለጀመርነው ቤት 8 ኩንታል ሲሚንቶ ተጭኗል።

ድል በር ዳገት ላይ ሞተሩ እንደ ባዶ ጣሳ መንኳኳት ጀመረ። ጉልበት አጣ፣ ነጭ ጭስ ለቀቀ፣ ከዚያ ቀጥ። ከኋላዬ ያለው ሚኒባስ ጡሩምባውን ሲያንባርቅ፣ ረዳቱ በመስኮት ወጥቶ ሲሰድበኝ፣ እኔ ደንግጬ ቁልፉን ደጋግሜ እያዞርኩ ሞተሪኖውን አስጮህኩት። በኋላ እንደተነገረኝ ይህ የባሰ ስህተት ነበር፤ ቤንዚኑን በየቱቦው ያዳረስኩት እኔው ነኝ።

በስልክ ያስጠራሁት መካኒክ ሸምገል ያሉ ሰው ናቸው። የታንኩን ክዳን ከፍተው አሸተቱና ሳቁ። «ልጄ፣ ጾመኛውን ሥጋ አበላኸው» አሉኝ።

ነዳጁ በላስቲክ ቱቦ ወደ ጀሪካን እየወረደ እያለ ከዕቃ ሣጥናቸው የብስክሌት መንፊያ አወጡ። አፉን በአውራ ጣታቸው ደፍነው አምስት ስድስቴ በኃይል ገፉት። «ንካው እስቲ።» ታችኛው ጫፍ ይፋጃል! ክብሪት የለ፣ እሳት የለ። አየር ሲታመቅ ይሞቃል፣ በቃ። የናፍጣ ሞተርም ሥራው ይኸው ነው። እንደ መንፊያው ዘንግ የሚወጣና የሚወርደው ብረት፣ ፒስተኑ፣ ሲወርድ አየር ብቻ ይስባል፣ ሲወጣ ያንን አየር ወደ 20 እጥፍ ያምቀዋል፣ አየሩ ከ500 ዲግሪ በላይ ይግላል፣ ልክ በዚያች ቅጽበት ኢንጀክተሩ ናፍጣውን እንደ ጉም ይረጭበታል። ናፍጣው በራሱ ይነድና ፒስተኑን ወደ ታች ይገፋዋል።

ቪትዟ እንዲህ አትሠራም። ቤንዚኑና አየሩ ተደባልቀው ይገባሉ፣ የሚታመቁትም 10 እጥፍ ገደማ ነው። ብዙ ካለፈ ድብልቁ ያለ ሰዓቱ ይፈነዳል። እሳቱን የምትለኩሰው ካንዴላ ናት።

«ግን ጋሼ፣ ቤንዚን ከናፍጣ ይልቅ ተቀጣጣይ አይደል? ታዲያ ለምን አልነደደም?» አልኳቸው።

«ክብሪት ካሳየኸው ቤንዚን ይቀድማል። ያለ ክብሪት፣ በሙቀት ብቻ ከሆነ ግን ናፍጣ ይቀድማል» አሉ። እኔ ይህን ሳላውቅ ስንት ዓመት መኪና ነዳሁ።

ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ናፍጣውን የሚገፋውን ፖምፓና ኢንጀክተሩን የሚያለሰልሳቸው ራሱ ናፍጣው ነው። ጠብታ ጠብታ ጣቴ ላይ አደረጉልኝ። ናፍጣው እንደ ዘይት ያንሸራትታል። ቤንዚኑ ቆዳዬን አቀዝቅዞ፣ አድርቆ ተነነ። ብረት ለብረት እንዲህ ደርቆ ሲፋተግ አስቡት።

ታንኩ ታጠበ፣ ፊልትሮው ተቀየረ፣ ከቱቦው አየር በእጅ እየተገፋ ወጣ። አዲስ ናፍጣ ገብቶ በሦስተኛው ሙከራ ተነሣ። ኪሴ ግን አልተነሣም።

ወደ ላይ ስንቀጥል ከኋላ ጥቁር ጭስ አየሁና «አሁንም ታሟል እንዴ?» አልኩ። እሳቸው ከጎኔ ተቀምጠዋል፤ ሱሉልታ ነው ቤታቸው። የለም፣ አየሩ ስስ ስለሆነ ነው አሉኝ። እውነትም እንጦጦ ጫፍ ላይ አየሩ ከጅቡቲ ወደብ አየር በሩብ ገደማ ይሳሳል። አሮጌው ፖምፓ ይህን አያውቅም፣ ናፍጣውን እንደለመደው ይሰጣል፣ ያልነደደው ጥላሸት ሆኖ ይወጣል። ቱርቦ ያላቸው አየሩን ገፍተው ስለሚያስገቡ ብዙም አይቸገሩም።

የሚገርመኝ ስሙ ነው። ሩዶልፍ ዲዝል የሚባለው ጀርመናዊ መሐንዲስ በፈረንጆቹ 1897 አውግስቡርግ ላይ ይህን ሞተር አሠርቶ አሳየ፣ ዓለም ነዳጁን በስሙ ጠራለት፤ እኛ ጋ «ናፍጣ» ሆኖ ቀረ።

አጎቴ እስካሁን አልሰማም። ከክዳኑ ላይ በማርከር «ናፍጣ» ብዬ የጻፍኩትን አይቶ ግን «ይሄን ማን ነው የጻፈው?» ብሎኛል።