ኤፌክቱ ፕሮጀክታችሁ ውስጥ የለም

ጥር ሲገባ፣ ደግሞም ፋሲካ እንዳለፈ፣ ጣና ዳር ላይ ሙሽራ ከሙሽራ ይጋጫል። ቀን ባሕር ዳር ቤዛዊት ኮረብታም ሆነ አዲሱ የዓባይ ድልድይ ላይ ሰርግ ሲቀርጽ የዋለ ሁሉ ማታ ቪዲዮውን ሊያቀናብር ኮምፒውተሩ ላይ ያፈጣል። "የማቀናበሪያ ሶፍትዌሩ አዲሱ ቨርዥን ወጥቷል፣ አፕዴት ላድርገው?" የሚል መልእክት የሚዘንብብኝም ልክ ያኔ ነው። መልሴ አንድ ነው፤ የያዛችሁትን ሰርግ ሳታስረክቡ አትንኩት።

ለምን? ክሊፕ ላይ ኤፌክት ስትጥሉ ፕሮጀክት ፋይሉ ውስጥ የሚቀመጠው ኤፌክቱ ራሱ አይደለም። የኤፌክቱ መለያና እናንተ ያስተካከላችኋቸው ቁጥሮች ናቸው፤ ብዥታው ስንት ነው፣ የት ጀመረ፣ የት አለቀ። ሥራውን የሚሠራው ኮምፒውተሩ ላይ የተጫነው ሶፍትዌር ወይም በላዩ የሚጨመረው ተቀጥላ፣ ፕለጊኑ፣ ነው። ለዚህ ነው ፕሮጀክቱን በፍላሽ ገልብጣችሁ ለጓደኛችሁ ስትሰጡት፣ እሱ ጋ ፕለጊኑ ከሌለ፣ ክሊፑ በሥርዓቱ ተከፍቶ ያ የለፋችሁበት ትራንዚሽን፣ ከክሊፕ ወደ ክሊፕ መሸጋገሪያው፣ ግን የውሃ ሽታ የሚሆነው።

ከማቀናበሪያ ሶፍትዌሮቹ ፕሪሚየር ፕሮን እንይ። የኤፌክት ፓነሉ ፕሪሴት (ቀድሞ የተዘጋጀ ቅንብር)፣ የድምፅ ኤፌክት፣ የቪዲዮ ኤፌክት፣ ትራንዚሽን እያለ በፎልደር የተከፋፈለ ነው። አብዛኛው ሰው መፈለጊያው ላይ ስም ጽፎ ስለሚያልፍ ፎልደሮቹን አያያቸውም። የቪዲዮ ኤፌክቱ ፎልደር ውስጥ ግን ኦብሶሊት የሚባል አለ፤ የጡረተኞች ሰፈር በሉት። አርጂቢ ከርቭስና ስሪ ዌይ ከለር ኮሬክተር የሚባሉት የቀለም ማስተካከያዎች እዚያ ገብተዋል፤ እ.ኤ.አ. በ2015 የመጣው ሉሜትሪ ከለር ሥራቸውን ወስዶባቸዋል። ታዲያ ለምን አልጠፉም? የድሮ ፕሮጀክቶች ስለሚጠሯቸው ነዋ! ቢሰረዙ ከዓመታት በፊት ቀለሙ የተስተካከለ ሰርግ ስትከፍቱ ወደ ጥሬው ይመለስ ነበር። እኔ ይህን ፎልደር እወደዋለሁ፤ ቢያንስ በግልጽ "ይሄ አርጅቷል" ይላል። አዲስ ሥራ ግን ከዚያ አትጀምሩ።

ፕሪሚየር የድሮ ፕሮጀክት በአዲስ ቨርዥን ሲከፈት ቀይሮ በሌላ ስም ስለሚያስቀምጠው ዋናው ፋይል አይነካም። አዲሱ ሲጫን አሮጌው ቨርዥን እንዳይጠፋ ግን ከመጫናችሁ በፊት ምርጫውን እዩት። ሌላው ማቀናበሪያ፣ ዳቪንቺ ሪዞልቭ፣ ላይ ነገሩ ጠንከር ይላል። ትልቅ አፕዴት ሲመጣ ፕሮጀክቶቹ የሚቀመጡበት ዳታቤዝ አብሮ ያድጋል፤ ካደገ በኋላ በድሮው ቨርዥን እከፍተዋለሁ ማለት ዘበት ነው። ባክአፕ ሳትይዙ እሺ አትበሉት። ነፃውን የምትጠቀሙ ደግሞ የሚከፈልበት ቨርዥን፣ የስቱዲዮው፣ ኤፌክቶችም ዝርዝሩ ውስጥ እንደሚታዩ እወቁ። ስትጥሏቸው ምስሉ ላይ ዋተርማርክ፣ ማለትም የሶፍትዌሩ ምልክት፣ ያርፍበታል። የምትወዷቸውን በኮከብ ምልክት አድርጉ፣ ለብቻቸው ይሰበሰባሉ፣ ከፍለጋ ትገላገላላችሁ።

ሌላው ማቀናበሪያ፣ ካፕከት፣ ሌላ ዓለም ነው። ዝርዝሩ የሚደረደረው በሥራ ዓይነት ብቻ ሳይሆን ሰሞኑን በሚወደደውም ነው፤ ኤፌክቶቹም አብዛኞቹ ስትነኳቸው ከኢንተርኔት የሚወርዱ ናቸው። ኔት ጭልጥ ብሎ ሲጠፋ፣ እሱ ደግሞ እኛ ጋ ዜና አይደለም፣ ቀድማችሁ ባወረዳችሁት ብቻ ትሠራላችሁ።

የትኛውም አፕዴት የማይፈታው ነገርም አለ። ጣና ላይ ጎህ ሲቀድ የተቀረጸ ታንኳ አለ እንበል፤ ቀዛፊው መቅዘፊያውን ከውሃው ሲያነሳ ክሊፑ ያልቃል። ቀጥሎ ሙሽሮቹ ናቸው። መሃል ላይ ክሮስ ዲዞልቭ፣ አንዱ ምስል እየደበዘዘ ሌላው የሚተካበትን ትራንዚሽን፣ ስትጥሉ ፕሪሚየር ትርፍ ፍሬም (ቪዲዮው የተሠራበት ነጠላ ምስል) እንደሌለ ያስጠነቅቅና የመጨረሻውን ፍሬም ይደጋግማል። መቅዘፊያው አየር ላይ ይቆማል፣ ጠብታው ከጫፉ ሳይወርድ ይደርቃል፣ ሙሽሪት በላዩ ላይ እየደመቀች ትመጣለች። ክሊፖቹ በሚደረደሩበት ታይምላይን ላይ ትራንዚሽኑ ሰያፍ መስመሮች ካሉት ይኸው ነው የሆነው። አዲስ የትራንዚሽን ፓክ መግዛት አያድነውም። መጋጠሚያው ላይ እኩል የተቀመጠ የ1 ሰከንድ ትራንዚሽን ከሁለቱም ክሊፕ የግማሽ ግማሽ ሰከንድ ትርፍ ይፈልጋል። ክሊፑን ከጫፉ ትንሽ አሳጥሩት፣ ለቀራጩም "ታንኳው ካለፈ በኋላ ካሜራውን ቶሎ አታጥፋው" በሉት።