ብዙ ያልሄደች መኪና

ስደተኛ መኪና ሲገዛ ለብቻው አይገዛም። ወንድም፣ የሥራ ባልደረባ፣ አብሮ የኖረ ጓደኛ፣ ሁሉም በልቡ አንድ ወንበር ይይዛል። ከአውሮፕላን ማረፊያ እንግዳ የሚቀበል፣ ቤት ለሚቀይር ሰው ፍራሽ የሚጭን፣ አራስ ከሆስፒታል የሚያወጣ መኪና ነው የሚጠበቀው። እኔም ለዓመታት እንዲህ ያለ መኪና ነድቻለሁ፤ ቅሬታ የለኝም። ከዚያ በኋላ ግን ሁለት ወንበር ብቻ ያላት፣ ጣሪያዋ ሸራ የሆነ፣ ያገለገለች የስፖርት መኪና ገዛሁ። ወሬው ከእኔ ቀድሞ አገር ቤት ደረሰ። እህቴ ስልክ ደውላ መጀመሪያ የጠየቀችኝ ስለ ፍጥነቷ አልነበረም። «ስንት ሰው ትይዛለች?» አለችኝ። «ሁለት» ስላት ጥቂት ዝም ብላ፣ «ከሹፌሩ ሌላ ነው?» አለች።

የመኪናዋን ስም አልጠራም። የምዘረዝራቸው ችግሮች የዕድሜ እንጂ የፋብሪካ አይደሉምና ስም ማንሳቱ ፍርደ ገምድልነት ይሆንብኛል። ዝርያዋን ግን ልናገር፤ ሞተሯ ከፊት ነው፣ የሚገፏት የኋላ ጎማዎች ናቸው፣ ማርሿ በእጅ ነው፣ ክብደቷም ቀላል ነው። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ የብሪታንያ ፋብሪካዎች በብዛት ይሠሩት የነበረ ዓይነት ነው። በኋላ ከገበያ ሊጠፋ ሲቃረብ ማዝዳ እ.ኤ.አ. በ1989 በቺካጎ የመኪና ትርዒት ላይ ኤምኤክስ-5 የተባለችውን ይዞ ቀረበ፤ ነገሩ ዳግም ነፍስ ዘራ። ሌሎች ፋብሪካዎችም ተከተሉ። እ.ኤ.አ. በ2016 የኤምኤክስ-5 ምርት ብቻውን አንድ ሚሊዮን ደርሷል። ይህን የማነሳው ለታሪክ ስል ብቻ አይደለም። በብዛት ስለተሠሩ ነው ዛሬ ያገለገሉት እንደ እኔ ያለ፣ በሰዓት ክፍያ የሚኖር ሰው እጅ የሚገቡት፤ መለዋወጫቸውም የሚገኘው።

ሻጩ ደጋግሞ የነገረኝ ነገር ቢኖር ብዙ አለመሄዷን ነው። ሰው እንዲህ ያለውን ሲሰማ ዓይኑ ይበራል። አብረን ጥቂት ከቆየን በኋላ የደረስኩበት ሐሳብ ግን ሌላ ነው፤ በስፖርት መኪና ላይ ትንሽ ኪሎ ሜትር ማለት ብዙ ጊዜ ረጅም መቆም ማለት ነው። እንዲህ ያለ መኪና ለባለቤቱ ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ መኪናው ነው። ፀሐይ ስትወጣ ይወጣል፤ ብርዱን ሙሉ ተሸፍኖ ይቆማል። ሞተሩ አልሠራምና አያልቅም። ጎማው፣ ባትሪው፣ የፍሬን ዘይቱና የበር ማሸጊያው ግን ኪሎ ሜትር አይቆጥሩም፤ የሚቆጥሩት ዓመት ነው። ታይሚንግ ቺንጋ፣ ማለትም የሞተሩን ክፍሎች በአንድነት የሚያዞር የጎማ ቀበቶ፣ ያላቸው ሞተሮች መመሪያ መጽሐፍ ላይ ከኪሎ ሜትሩ ጎን የዓመት ገደብ የሚጻፈውም ለዚህ ነው። የእኔዋ በሰንሰለት ስለምትሠራ ከዚያኛው ስጋት ተርፌያለሁ። ከመግዛቴ በፊት 17 ፊደልና አሃዝ ያለውን የሻንሲ ቁጥር ከሰነዱ ጋር አመሳክሬ፣ የሰርቪስ ደብተሯን ገልጬ፣ ከሥሯ ተንበርክኬ ዝገት ፈልጌ ነበር፤ በዚያ በኩል ንጹሕ ነበረች። ከዚያ ወዲህ የገጠሙኝ ነገሮች በሙሉ ማለት ይቻላል ከመቆም የመጡ ናቸው።

የመጀመሪያው ጎማው ነው። ጥርሱ ጥልቅ ነበር፤ በብዙ አገሮች ሕጉ ከሚጠይቀው 1.6 ሚሊ ሜትር በእጅጉ ይበልጣል። የጎማ ዕድሜ የሚነበበው ግን ከጥርሱ አይደለም። ጎኑ ላይ «ዶት» ከሚለው ምልክት ቀጥሎ ረጅም ጽሑፍ አለ፤ መጨረሻው ላይ ካሉት አራት አሃዞች የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የኋለኞቹ ሁለቱ ዓመቱን ይናገራሉ። 2312 ከሆነ እ.ኤ.አ. በ2012፣ በ23ኛው ሳምንት ተሠርቷል ማለት ነው። የእኔዎቹ ዐሥር ዓመት አልፏቸዋል። ሲያዩአቸው አዲስ ናቸው፤ በጥፍር ሲጫኗቸው ግን እንደ ጠረጴዛ ደረቅ ናቸው። አንድ ዝናባማ ጠዋት አደባባይ ስዞር ነዳጅ ገና ነካ ከማድረጌ የመኪናዋ ወገብ ወደ ጎን ሸሸ። ፍጥነቴ ብስክሌት ሊቀድመው የሚችል ዓይነት ነበር፤ የደነገጥኩት ለዚህ ነው። የኋላ ጎማ የሚገፋው ቀላል መኪና በደረቀ ጎማ ላይ ይቅርታ አያውቅም። አራቱንም አስቀየርኩ፤ ካወጣሁት ወጪ ሁሉ ትልቁ ይኸው ነው፣ ያለ ቅሬታ የከፈልኩትም ይኸው ብቻ ነው። ለስፖርት መኪና የሚመረጠው የበጋ ጎማ ደግሞ አዲስም ሆኖ ሙቀቱ ከ7 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ሲወርድ ይጠጥራል። ስለዚህ በብርድ ጠዋት የመጀመሪያዎቹን ኪሎ ሜትሮች በትሕትና ነው የምነዳው።

ባትሪው ሌላ ጉዳይ ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ ብዘገይ አትፍረዱብኝ። ሌሊት ፈረቃ ስሠራ ሰንብቼ በዕረፍት ቀኔ ቁልፉን ሳዞር ዝም። መብራት የለ፣ ድምፅ የለ። በሌላ መኪና ባትሪ አስነስቼ ወሰድኳት፤ ከጥቂት ቀናት በኋላ እንደገና ዝም። አንድ ጋራዥ አይቶ ባትሪውም፣ ባትሪውን የሚሞላው ዲናሞም ይቀየር አለኝ። ቴስተር፣ ማለትም የኤሌክትሪክ መለኪያ፣ ያልነካ እጅ እንዲህ ያለ ፍርድ ሲሰጥ አልወድም። ቤት መልሼ ራሴ ለካሁ። ሞተሩ ሲሠራ 14.2 ቮልት አሳየ፤ ዲናሞው ጤነኛ ነው ማለት ነው። ባትሪውን ሙሉ ሌሊት ሞልቼ፣ ነቅዬ ሳሳድረው 12.6 ቮልት ላይ ቆመ፤ እሱም ጤነኛ ነው። እንግዲያውስ መኪናዋ ተኝታ ሳለ ኤሌክትሪክ የሚጠጣ ነገር አለ።

መፈለጊያው ዘዴ ቀላል ነው፤ ትዕግሥት ብቻ ይጠይቃል። የባትሪውን ነጌቲቭ ገመድ ፈትቶ ቴስተሩን አምፔር ላይ አድርጎ በገመዱና በባትሪው መካከል ማስገባት፣ በሮቹን ዘግቶ የመኪናው ኮምፒውተሮች እስኪተኙ መጠበቅ። ጤነኛ መኪና ቆሞ ሳለ ብዙውን ጊዜ ከ50 ሚሊ አምፔር በታች ነው የሚወስደው። የእኔዋ 400 ትወስዳለች። ሒሳቡን ሥሩት፤ በቀን ወደ 10 አምፔር ሰዓት ገደማ ይሆናል፤ በእንዲህ ያሉ ትንንሽ መኪኖች ላይ የሚገባው 45 አምፔር ሰዓት ባትሪ አምስት ቀን አይሞላም። ከዚያ ፊውዞቹን አንድ በአንድ መንቀል ነው። የውስጥ መብራቶችን ፊውዝ ስነቅል ቁጥሩ ወደ ታች ተወረወረ። የትኛው መብራት? የሚታየው ሁሉ ጠፍቷል። የማይታየው የቀረው የኋላ ዕቃ መጫኛ ውስጥ ያለው ነው። ስልኬን ቪዲዮ እየቀረጸ ውስጥ አስቀምጬ ክዳኑን ዘጋሁ። ከፍቼ ሳየው ቀረጻው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ብሩህ ነው! አምስት ዋት የምትፈጅ ጥፍር የምታክል አምፖል በተዘጋ ሳጥን ውስጥ ለማንም ስታበራ ኖራለች። መቆለፊያው ላይ ያለው ማብሪያ ማጥፊያ ደርቆ ነበር፤ በማጽጃ ረጭቼ ደጋግሜ ስጫነው ተላቀቀ። ባትሪውም ዲናሞውም እስካሁን የድሮዎቹ ናቸው።

ይህ ነገር ለስደተኛ የተለየ ትርጉም አለው ብዬ አምናለሁ። በሰው አገር ጋራዥ ስንገባ ግማሹን ክርክር ገና አፋችንን ስንከፍት እንሸነፋለን። አነጋገራችን ይሰማል፣ ቃሉ ጠፍቶን እንቆማለን፣ ባለሙያውም ፈጠን ፈጠን እያለ ደረሰኙን ይጽፋል። 14.2 ቮልት ግን ዘዬ የለውም። በቁጥር የተከራከርኩት ጋራዥ ሁሉ ድምፁን ዝቅ አድርጎ አነጋግሮኛል።

የሞተር ማስጠንቀቂያ መብራቱም እንዲሁ ነበር። ቢጫው መብራት ሲበራ ልቤ ወደ ገንዘብ ቦርሳዬ ወረደ፤ የዚያ ወር ለቤተሰብ የሚላከው ገና አልተላከም። ከመሪው በታች የመመርመሪያ መሰኪያ አለ፤ አሜሪካ ውስጥ ለሚሸጡ የቤት መኪኖች እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ ግዴታ የሆነው ኦቢዲ 2 የሚባለው ነው። ከስልክ ጋር የሚገናኝ ትንሽ አንባቢ ሰካሁበት፤ ፒ0455 አለኝ። የቤንዚን ትነት ከሚያዝበት መሥመር ብዙ ማምለጫ አለ ማለት ነው። ሰፊ ችግር ሊሆን ይችላል፤ ግን ፍለጋው የሚጀመረው ከነዳጅ ክዳኑ ነው። የክዳኑ ጎማ ማሸጊያ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ዓመት ቆጣሪዎቹ መካከል እሱም ነበረበት። አዲስ ክዳን ገጠምኩ፣ ኮዱን አጠፋሁ፤ አልተመለሰም። መብራቱ ቢጫ ሆኖ ሳይብለጨለጭ ቢቆይ ጊዜ አለ፤ ቢብለጨለጭ ግን ሞተሩ እሳት እየሳተ ነውና ጥግ ይዞ ማጥፋት ይሻላል። ይህን ልዩነት የሚነግር ሰው ቢኖር ስንቱ ከድንጋጤ በተረፈ!

የውኃው ነገር ደግሞ መጀመሪያ የታወቀኝ በጠረን ነው። ዝናብ በዘነበ ማግስት በሩን ስከፍት የእርጥብ ምንጣፍ ሽታ ተቀበለኝ። ማንም የሚጠረጥረው የጣሪያውን ሸራ ነው፤ እኔም በባትሪ መብራት ስፌቱን ሁሉ አየሁ፤ ደህና ነው። ጣሪያዋ የሚታጠፍ መኪና በሸራው ጠርዝ የሚወርደውን ውኃ የሚቀበል አሸንዳ ከወንበሮቹ ኋላ አላት፤ ውኃው ከዚያ በቀጭን ቱቦ ወርዶ ከኋላ ጎማዎቹ አጠገብ ይፈስሳል። መኪናዋ ዛፍ ሥር ቆማ ኖራለች መሰለኝ ቱቦዎቹ በበሰበሰ ቅጠል ተደፍነዋል። ወዴት ይሂድ? ወደ ውስጥ ይገባል። በአየር ግፊት መንፋት ያምራል፣ ግን ቱቦውን ከመጋጠሚያው ሊያላቅቀው ይችላል። የሣር ማጨጃ ማሽን የሚሠራበትን ወፍራም የናይለን ክር ቀስ እያልኩ አስገብቼ አወጣሁት፤ ጥቁር ጭቃ ተከትሎት መጣ፤ ከዚያ በጠርሙስ ውኃ ሳፈስ ከታች ኩልል ብሎ ወረደ። ከባዱ ምንጣፉ ነበር። ከሥሩ ያለው ስፖንጅ ውኃ ከያዘ እንዲሁ አይደርቅም፤ ወንበሮቹን አውጥቼ፣ ምንጣፉን አንሥቼ፣ ማራገቢያ ደቅኜበት ቀናት ፈጀ። ችላ ቢባል ወለሉ ይዝጋል፤ አንዳንድ መኪኖች ላይ የኤሌክትሪክ ሳጥኖች ከምንጣፍ ሥር ስላሉ ነገሩ ወደዚያም ይዛመታል።

ስለ ፍሬኑ ብዙ የምለው የለኝም። ጠዋት ጠዋት የሚሰማው መፋቅ እርጥበት በዲስኩ ላይ የሚያመጣው ስስ ዝገት ነው፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ሲያዝ ይጠራል። ዘይቱን ግን አስቀየርኩ። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል፤ ዶት 4 የሚባለው አዲስ ሲሆን እስከ 230 ዲግሪ ሳይፈላ መቆም አለበት፣ ውኃ ሲጠግብ የሚጠበቅበት 155 ብቻ ነው። ቁልቁለት ላይ ፍሬኑ ሲግል ዘይቱ ፈልቶ እግርን ባዶ የሚያወርደው ይኸው ነው።

ከሰው ጋር ያለው ነገር ከሁሉም ይበልጥ አስቂኝ ነው። እንግዳ ለመቀበል አሁንም ይደወልልኛል፤ «አንድ ሰው፣ ያለ ሻንጣ» እላለሁ። በዕድሜ የሚበልጡኝ አንድ ወዳጄ ከሥራ ቦታ ላድርስዎ ብያቸው እሺ አሉ። በሩን ከፍቼ፣ ጎንበስ ብለው፣ ኮታቸውን ሰብስበው ተቀመጡ፤ መንገዱን ሙሉ ዝም። ደጃቸው ስንደርስ ወደ እኔ ዞረው፣ «ልጄ፣ መግባቱንስ ገባሁ፤ የሚያወጣኝ ማነው?» አሉ። ዞሬ እጃቸውን ይዤ አወጣኋቸው። ቀና ብለው ወገባቸውን ካቃኑ በኋላ መኪናዋን ከፊት እስከ ኋላ አዩአትና ዋጋዋን ጠየቁኝ። ስነግራቸው አላመኑም። እንዲህ ያለ መኪና የሚነዳ ሁሉ ሀብታም ነው የሚል ሐሳብ በእኛ መካከል ሥር ሰድዷል፤ ወዲያውም ብድር የሚጠይቁኝ ሰዎች ቁጥር ጨምሯል። ሰባት ሰው የምትይዘው የጓደኛዬ መኪና ከእኔዋ በብዙ እጥፍ እንደምትወደድ ማን ያስረዳልኝ?

እግረ መንገዴን፣ ኢንሹራንሱን ከመግዛት በፊት መጠየቅ ይበጃል፤ የስፖርት መኪና የሚል ስም ብቻውን ክፍያውን ከፍ ሊያደርገው ይችላል። ስኮርታ ጎማም የላትም፤ በምትኩ ቀዳዳ የሚደፍን ፈሳሽና ትንሽ ማናፈሻ ነው ያለው፤ ፈሳሹም የአገልግሎት ዘመን ተጽፎበታል፤ የእኔው ካለፈበት ቆይቷል።

የማርሽ ሳጥኑን ዘይት ከቀየርኩ ወዲህ ሁለተኛው ማርሽ በብርድም ቢሆን ያለ ትግል ይገባል። የቀኙ መስኮት ግን አሁንም ወደ ላይ ሲመጣ ይንቀራፈፋል። የመስኮቱ ሞተር አይመስለኝም፤ መስታወቱ የሚንሸራተትበት ጎማ ደርቆ ነው። በሚቀጥለው ዕረፍቴ የበሩን ሽፋን ፈትቼ በሲሊከን ቅባት እሞክረዋለሁ።