ቭላድና ራዱ፦ የሩማንያ ጉዞ ማስታወሻ

ሩማንያ የሄደ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚወሰደው ብራን ቤተመንግስት ነው። እኔም ሄጃለሁ፣ ግን ቭላድን፣ ማለትም ድራኩላ የሚባለውን የ15ኛው ክፍለ ዘመን ገዢ፣ የሚፈልግ ሰው እዛ አያገኘውም። ቤተመንግስቱ በጣም ያምራል፣ የብራሶቭ ከተማ ጀርመኖች በ1377 ፈቃድ አግኝተው የሰሩት ነው (ዓመቶቹንም ወሮቹንም ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)፣ በኋላ ደሞ የሩማንያ ንግስት ማሪያ ኖራበታለች፣ ቭላድ ኖረበት የሚያስብል ማስረጃ ግን የለም። በሩ ላይ ጥርሱ የወጣ ድራኩላ የታተመበት ቲሸርት፣ ኩባያ፣ ማግኔት ምናምን ይሸጣል። ደም መጣጩን ድራኩላ በ1897 የፈጠረው አየርላንዳዊ ደራሲ ሩማንያን በእግሩ ረግጧት አያውቅም፣ ስሙን ከመጽሐፍ ላይ ነው ያገኘው። እና ብዙ ሳልቆይ ወደ ደቡብ ወረድኩ፣ ምክንያቱም ቭላድ የገዛው ብራን ያለበትን ትራንሲልቫኒያን ሳይሆን ከተራራው በታች እስከ ዳኑብ ወንዝ ድረስ ያለውን ዋላኪያን ነው።

ዋና ከተማው ትርጎቪሽቴ ነበረች። ከቡካሬስት 80 ኪሎሜትር ገደማ ትርቃለች፣ ቱሪስት ብዙም አይበዛባትም። የመሳፍንቱ ግቢ አሁን ፍርስራሽ ነው፣ ግድግዳው ወገብ ወገብ ድረስ ቀርቷል፣ መሃሉ ላይ 27 ሜትር ከፍታ ያለው ኪንዲያ የሚሉት ግንብ ቆሟል፣ ውስጡ ስለ ቭላድ ትንሽ ኤግዚቢሽን አለ። እኔ ግን ከኤግዚቢሽኑ ይልቅ ግንቡ ጫፍ ላይ ወጥቼ ሜዳውን ሳየው ነው ታሪኩ የገባኝ፣ ምክንያቱም ያ ሁሉ ነገር የሆነው በዚህ ሜዳ አካባቢ ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ከልጆቹ ነው። በ1442 የዋላኪያው ገዢ፣ የቭላድ አባት፣ የኦቶማን ቱርኮቹ ሱልጣን ሙራድ ዘንድ ተጠርቶ ሄደ፣ ታሰረ፣ ሲለቀቅ ግን ሁለት ወንዶች ልጆቹን መያዣ አድርጎ ትቶ ነው የተመለሰው። ቭላድ ያኔ 11 ዓመት ቢሆነው ነው፣ ታናሽ ወንድሙ ራዱ ደሞ ገና ትንሽ ልጅ። አባትየው ከዳ ማለት ልጆቹ ሞቱ ማለት ነው፣ እና አባትየው ከዳ። ከሃንጋሪዎች ጋር ተሰልፎ ኦቶማኖችን ወጋ፣ ከዛም ለብራሶቭ ሰዎች በጻፈው ደብዳቤ ለክርስቲያኑ ሰላም ስል ልጆቼን አሳርጃለሁ አለ። ይሄን ሳነብ ቆሜ ቀረሁ። ሱልጣኑ ግን አላረዳቸውም፣ አሳደጋቸው። ቱርክኛ ተማሩ፣ ቤተመንግስቱንና ጦሩን ከውስጥ አወቁት። በ1447 ደሞ አባታቸው እዛው ሀገሩ ላይ ተገደለ፣ ታላቅ ወንድማቸውን ሚርቻን የትርጎቪሽቴ መኳንንት ገደሉት፣ ከነነፍሱ ቀበሩት ነው የሚባለው።

ስለ ቭላድ የሚያወራ ሰው ሁሉ ከዚህ ካልጀመረ ልክ አይመስለኝም። ጭካኔውን ለማቅለል አይደለም፣ በጭራሽ። ግን ሰውየው ከሰማይ የወረደ ጭራቅ አልነበረም፣ ሁለት መንግስታት መሃል እንደ እቃ የተያዘ ልጅ ነበር።

በ1448 በኦቶማኖች እርዳታ ለአጭር ጊዜ ዙፋን ላይ ወጣ፣ ተባረረ፣ በ1456 ተመልሶ ያዘው። ለሱልጣኑ በየዓመቱ 10,000 ዱካት (የወርቅ ሳንቲም) መክፈል ነበረበት፣ ቁስጥንጥንያን የያዘው ወጣቱ ሱልጣን መሐመድ ደሞ ዝም የሚል ሰው አልነበረም። ቭላድ ግብሩን አቆመ። የሱልጣኑ ሹም ሃምዛ ፓሻ በተንኮል ሊይዘው ዳኑብ ዳር ቢጠብቀው ቭላድ ቀድሞ ሰውየውን ከነጦሩ ያዘውና እንጨት ላይ ሰካው። ከዛ በ1461 መጨረሻ በክረምቱ ዳኑብን ተሻግሮ ማዶ በኦቶማኖች እጅ ያለውን ሀገር አቃጠለ፣ በየካቲት 1462 ለሃንጋሪው ንጉስ ማትያስ ሲጽፍ 23,884 ሰው ገድያለሁ፣ ቤታቸው ውስጥ የተቃጠሉትን ሳልቆጥር አለ። በየቦታው ስንት ስንት እንደሆነ ዘርዝሮ ነው የጻፈው። ከነሱ ውስጥ ገበሬ ቡልጋሪያውያን ነበሩበት፣ ክርስቲያኖች፣ እና ይሄን ስለ ጀግንነቱ ብቻ የሚያወሩ ሰዎች ሲዘሉት ያሳዝነኛል።

በዛው ዓመት ሱልጣኑ ራሱ መጣ። ቭላድ ሊገጥመው የሚችል ጦር ስላልነበረው እህሉን አቃጠለ፣ ጉድጓዶቹን መረዘ፣ ህዝቡን ወደ ጫካ አስገባ፣ የኦቶማን ጦር በሰኔ ሙቀት ውሃ አጥቶ እየተጓዘ ትርጎቪሽቴ አጠገብ ሲሰፍር ደሞ ሰኔ 17 ሌሊት ችቦ ይዞ ሰፈሩ ውስጥ ገባ። የሚፈልገው አንድ ሰው ነበር፣ ሱልጣኑን። ግን በጨለማው ድንኳኑን ሳቱት፣ የቪዚሮቹን (የሱልጣኑን ሚኒስትሮች) ድንኳን አጠቁ፣ እስኪነጋ ተዋግተው ወደ ጫካቸው ተመለሱ። ግንቡ ላይ ቆሜ ወደ ሜዳው እያየሁ ያሰብኩት፣ በዛ ሌሊት ራዱም እዛው የሱልጣኑ ሰፈር ውስጥ እንደነበር ነው። ወንድማማቾቹ አንድ ሜዳ ላይ ነበሩ።

ከዛ ሱልጣኑ ወደ ከተማዋ ሲጠጋ እንጨት ላይ የተሰኩ ሰዎች ጫካ አገኘ፣ ኻልኮኮንዲሌስ የሚባለው ግሪካዊ ታሪክ ጸሐፊ ወደ 20,000 ያደርሳቸዋል፣ ሴቶችና ህጻናትም ጭምር። ሱልጣኑ ተመለሰ፣ ግን አልተሸነፈም፣ ራዱን ትቶት ነው የሄደው። እና ራዱ ወንድሙን ያሸነፈው በጦርነት ብዛት ሳይሆን ሰላም እሰጣችኋለሁ፣ ንብረታችሁ አይነካም በማለት ነው። መኳንንቱ አንድ በአንድ ወደሱ ሄዱ። በቭላድ ጦርነት የደከመ ህዝብ ቢሄድ እኔ አልፈርድበትም።

ቭላድ ሸሽቶ ንጉስ ማትያስ ዘንድ ለእርዳታ ቢሄድ አሰረው። ለጦርነቱ ከሮም ፓፓ ገንዘብ የተቀበለው ማትያስ ለምን እንዳልተዋጋ ምክንያት ያስፈልገው ነበር፣ የቭላድን ጭካኔ የሚዘረዝሩት የጀርመንኛ ጽሑፎችም የወጡት ያኔ ነው፣ በኋላ ማተሚያ ሲመጣ በደንብ ተሸጡ። በሬሳ መሃል ቁጭ ብሎ ምሳ ሲበላ የሚያሳየው ታዋቂ ስዕል በኑረምበርግ በ1499 የታተመ ነው።

ፖዬናሪ ምሽግ የአርጄሽ ወንዝ ሸለቆ ላይ ነው፣ ለመድረስ 1,480 ደረጃ መውጣት አለባችሁ፣ ድብ ስላለ አንዳንዴ ይዘጋል፣ ከመሄዳችሁ በፊት ጠይቁ። ከላይ የቀረው ጥቂት ግድግዳ ነው፣ በ1888 ከፊሉ ተንሸራቶ ወርዷል። ብራን ለፎቶ ነው፣ ይሄኛው ግን በእውነት ቭላድ ያሳደሰው ምሽግ ነው።

የመጨረሻው ስናጎቭ ነበር፣ ከቡካሬስት ሰሜን ሀይቅ መሃል ያለች ደሴት ላይ ያለ የኦርቶዶክስ ገዳም። ቭላድ በ1476 ተመልሶ ዙፋኑን ያዘና ወዲያው ተገደለ፣ ጭንቅላቱን ቁስጥንጥንያ ወሰዱት፣ አካሉ እዚህ ተቀበረ ይባላል። በ1930ዎቹ መቃብሩን ሲከፍቱት ግን የእንስሳ አጥንት ነው የተገኘው። ጠባቂዋ እናት ይሄን ሲነግሩኝ ምንም አልደነቃቸውም። "ልጄ፣ ለነፍሱ ሻማ አብሪለት፣ አጥንቱን ተይው" አሉኝ። አበራሁለት፣ አንድ ደሞ ለራዱ ጨመርኩ፣ ማን ነው ብለው ጠየቁኝ፣ ታናሽ ወንድሙ ነው አልኳቸው።

መሄድ ለምታስቡ፣ ሩማንያ ከጥር 2025 ጀምሮ ሙሉ በሙሉ ሸንገን ውስጥ ስለገባች የሌላ ሸንገን ሀገር የመኖሪያ ፈቃድ ያላችሁ ሌላ ቪዛ አያስፈልጋችሁም፣ ትርጎቪሽቴ ደሞ ከቡካሬስት በባቡር ደርሶ መልስ ይሆናል። እኔ ቀጥሎ የማስበው ቱርክ ነው፣ ኩታህያ ክፍለሀገር ውስጥ ኤሪጎዝ የሚባል ቦታ አለ፣ ሁለቱ ልጆች መያዣ ሆነው ተቀምጠውበታል የሚባለው ምሽግ እዛ ነው።