ያለ ስም የተቆጠሩት ሰው

እንኳን ለብርሃነ ልደቱ በሰላም አደረሳችሁ!

ሽንኩርቱ እየተቁላላ ነው የምጽፍላችሁ። ልጆቹ መስኮት ላይ ተለጥፈው አያታቸውን ይጠብቃሉ። አያታቸው ማለት የባለቤቴ እናት ናቸው። ጥቁር አሜሪካዊት፣ ዘራቸው ከቨርጂኒያ።

ዘንድሮ ጾሙን ሁሉ ከእሳቸው ጋር የአያታቸውን አያት ስንፈልግ ከረምን። የሰውየውን ስም እዚህ አልጽፍም፤ የቤተሰቡ ነው።

ቀላል መስሎኝ ነበር። አሜሪካ በየ10 ዓመቱ ሕዝቧን ትቆጥራለች። የገናው ታሪክስ የሚጀምረው በቆጠራ አይደል? እ.ኤ.አ. የ1870ው መዝገብ ላይ ቶሎ አገኘናቸው። 34 ዓመት፣ የእርሻ ሠራተኛ፣ «መጻፍ አይችልም» በሚለው ዓምድ አንዲት ጭረት።

ከዚያ ወደኋላ ግን ግድግዳ ነው። በ1850 እና በ1860 በባርነት የነበሩ ሰዎች የተቆጠሩት በሌላ መዝገብ ነው። ከላይ የጌታው ስም፣ ከሥሩ ዕድሜ፣ ፆታ፣ የቆዳ ቀለም። የእነሱ ስም የለም። በ1860ው ላይ «24፣ ወንድ፣ ጥቁር» የሚል መስመር አገኘን። ዝቅ ብሎ ደግሞ ሌላ «24፣ ወንድ፣ ጥቁር» አለ። አማቴ ጣታቸውን ከአንዱ ወደ አንዱ ሲያመላልሱ ቆዩና መነጽራቸውን አወለቁ።

«ሻይ አፍላልኝ» አሉኝ። የዚያን ቀን በዚሁ አበቃን።

ያወጣን የከሰረ ባንክ ነው። ከባርነት ለወጡት ሰዎች በ1865 የተቋቋመው ፍሪድማንስ ባንክ በ1874 ተዘግቶ ከ60 ሺህ በላይ ሰዎች ገንዘባቸው ተበላ። ለመጨረሻዎቹ ጥቂት ወራት የባንኩ ፕሬዚዳንት ራሱ ከባርነት ያመለጠው ታዋቂው የጥቁሮች መብት ተሟጋች ፍሬድሪክ ዳግላስ ነበር፤ እሱም ሊያድነው አልቻለም። ባንኩ ግን ደንበኞቹን ለመለየት ሲል የአባት፣ የእናት፣ የወንድምና የእህት ስም ይመዘግብ ነበር። ገንዘቡ ቀለጠ፣ መዝገቡ ቀረ። ሪችመንድ ከነበረው ቅርንጫፍ መዝገብ ላይ የእናትየው ስም ወጣ። ሁለት ወንድሞች። አንዲት እህት፣ ከስሟ አጠገብ «ተሸጣለች»። አማቴ የእናትየውን ስም ሦስቴ ጮክ ብለው አነበቡት።

ባለፈው ሳምንት፣ በፈረንጆች ዓመት መጨረሻ ሌሊት፣ ቤተ ክርስቲያናቸው ይዘውኝ ሄዱ። በዲሴምበር 31 ቀን 1862 የፕሬዚዳንት ሊንከንን ከባርነት ነጻ የማውጣት አዋጅ ሲጠባበቁ ያደሩትን ጥቁሮች ያስባሉ። በባርነቱ ዘመን ጃንዋሪ 1 የሚፈራ ቀን ነበር። በባርነት ያለ ሰው ለሌላ ጌታ ለዓመት የሚከራየው፣ አንዳንዱም የሚሸጠው ያን ቀን ነው። ገናን አብረው በልተው በሳምንቱ የሚለያዩ ቤተሰቦች ነበሩ። እኔ ይህን ሁሉ ዓመት እዚህ ኖሬ አላውቅም ነበር።

ስንመለስ መኪና ውስጥ ትንሽ ጉራ ነፋሁ። እኛ አገር ሰው ያለ መዝገብ ሰባት ቤት ይቆጥራል አልኳቸው። «እስቲ ቁጠር» አሉኝ። አምስተኛው ላይ ቆምኩ። እሳቸው ደግሞ ለቀቅ አላደረጉኝም፤ «ሁሉም ወንዶች ናቸው፤ እናቶቹስ?» አሉ።

እናቶቹስ? በማግስቱ ጎጃም ያለችው አክስቴ ጋ ደወልኩ።

«የአያቴ እናት ማን ነበረች ስሟ?»

አክስቴ ዝም አለች። ቀጥላ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ምነው፣ ርስት ተገኘ እንዴ?» አለችኝ።

ስሟን ነገረችኝ። ዛሬ ከዶሮው በኋላ ለአማቴ እሰጣቸዋለሁ፤ በማስታወሻ ደብተራቸው ቦታ ትተውልኛል። በሩ ተንኳኳ፣ መጡ መሰለኝ። መልካም ገና!